መሥራቹ ሲሰናበት ማን ይተካ? በጎንደር በእምነት ላይ ለተመሠረቱ የወጣትና የቤተሰብ አገልግሎት ድርጅቶች የንጽጽር መመሪያ

በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙ ወረዳዎች ወጣቶችንና ቤተሰቦችን የሚያገለግሉ፣ መሠረታቸው እምነት የሆነ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በአንድ ሰው ነው። አንድ ካህን፣ አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት፣ አንድ መጋቢ ወይም አንድ የመስጊድ አገልጋይ ወላጆቻቸውን ያጡ ጥቂት ልጆችን ሰብስቦ ደብተር መግዛትና ማስጠናት ይጀምራል፤ ዓመታት ሲያልፉ ጅምሩ ፈቃድ፣ ቦርድ፣ የባንክ ሒሳብ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሠራተኞችና የውጭ ለጋሾች ያሉት ድርጅት ይሆናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለጋሹ የሚያውቀው መሥራቹን ነው፤ ቀበሌው ለስብሰባ የሚጠራው መሥራቹን ነው፤ ልጇ ከትምህርት የቀረባት እናትም የምትሄደው ወደ እርሱ ነው። ስለዚህ መሥራቹ በዕድሜ፣ በሕመም ወይም በሌላ ጥሪ ምክንያት ለመሰናበት ሲነሣ ቦርዱን የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ክፍት የሥራ መደብ ከመሙላት እጅግ የሰፋ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለ ውሳኔ ለሚጠብቃቸው የቦርድ አባላት፣ ሥራ አስኪያጆችና የእምነት አባቶች ነው። አራት መንገዶችን ያነጻጽራል፤ እነርሱም ከውስጥ ማሳደግ፣ ከውጭ በማስታወቂያ መቅጠር፣ ለተወሰነ ጊዜ ተጠባባቂ መሾም፣ እና ከሌላ ድርጅት ጋር መዋሐድ ናቸው። መመዘኛዬን ከመጀመሪያው ግልጽ ላድርግ። የሽግግር ስኬት ብዙ ጊዜ የሚለካው የለጋሾች ገንዘብ አለመቋረጡን በማየት ነው፤ እኔ ግን የማስቀድመው ከሽግግሩ አንድ ዓመት በኋላ በየቤቱ እየገባች ልጆቹን የምትጎበኘው ማኅበራዊ ሠራተኛ በሥራዋ ላይ መገኘቷን ነው። ገንዘብ ቢቋረጥ ሌላ ለጋሽ ሊፈለግ ይችላል። በአዘዞ ወይም በማራኪ ሰፈር ለዓመታት የሰው ጓዳ ገብታ የወጣች፣ የትኛው አባት ሲጠጣ እጁን እንደሚያነሣ፣ የትኛዋ ልጅ ያለ ዕድሜዋ እንደታጨች፣ የትኛው ወጣት ወደ መተማ ለመሄድ ልቡ እንደተነሣ የምታውቅ ሠራተኛ ስትለቅ ግን ዕውቀቷም አብሯት ይወጣል፤ በፋይል ላይ የሚቀረው ከዚያ ጥቂቱ ብቻ ነው።

ከምርጫው በፊት መጣራት ያለባቸው

በመጀመሪያ ድርጅቱ የት እንደተመዘገበ ይታይ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚመለከተው በሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎች የሚሠሩ ድርጅቶችን፣ የውጭ ድርጅቶችን፣ እንዲሁም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የተቋቋሙትን ነው፤ በአማራ ክልል ብቻ የሚሠራ ድርጅት በክልሉ የተመዘገበ ሊሆን ይችላል። የሥራ አስኪያጅ ለውጥ ማሳወቂያው ወደ አዲስ አበባ ወይስ ወደ ባሕር ዳር እንደሚሄድ የሚወስነው ይህ ነው። ባሕር ዳር ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አዲስ አበባ ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ ተዘግቶና ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት አንድ ደብዳቤ ማስጨረስ ምን ያህል እንደሚከብድ በከተማዋ የሠራ ሁሉ አይቶታል። ባንክ ፈራሚ ለመቀየር የቦርዱን ቃለ ጉባኤና የመዝጋቢውን አካል ደብዳቤ ስለሚፈልግ፣ ወረቀቱ ሳያልቅ የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ከሄደ የሠራተኞች ደመወዝ በሒሳቡ ውስጥ እያለ ማውጣት ሳይቻል ይቀራል። የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ሌላ ፈራሚ ከወራት በፊት መመዝገብ አለበት።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ እንደ ሃይማኖት ተቋም በዚህ አዋጅ አይገዛም፤ ያቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት ግን መመዝገብና በአዋጁ መገዛት ይኖርበታል። ስለሆነም ሀገረ ስብከቱ ወይም የአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ተተኪውን በደብዳቤ ቢሰይም ድርጅቱ በሕግ ፊት ሥራ አስኪያጅ አገኘ ማለት አይደለም፤ ምደባው በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ሥልጣን ባለው ቦርድ ወይም ጠቅላላ ጉባኤ መጽደቅ አለበት። የአባቶች ቡራኬ ሊቀር አይገባም፣ በቃለ ጉባኤ ምትክ ግን ሊገባ አይችልም።

ቀጥሎ የሚታየው የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ ነው። በአዋጁ መሠረት የድርጅቱ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የማስታወቂያና የኦዲት ክፍያ የሚቆጠሩት ከዚህ ውስጥ ነው። ተሰናባቹና አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ለሦስት ወር ጎን ለጎን ይሥሩ የሚለው ሐሳብ መልካም ቢሆንም ሁለት የኃላፊ ደመወዝ በአንድ በጀት ውስጥ ያስገባል፤ ትንሽ ገቢ ያለው ድርጅት ይህን አስቀድሞ ካላሰላ በዓመቱ መጨረሻ ጣሪያውን አልፎ ይገኛል።

በመጨረሻም የሥራ አስኪያጁ ውል አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ መሪዎች ላይ ተፈጻሚ አይደለም። ለሌላው ሠራተኛ በሕጉ የተቀመጡት የሙከራ ጊዜና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ለሥራ አስኪያጁ በራሳቸው አይሠሩም፤ በውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ ይኖርባቸዋል። በመተማመን ብቻ ለዓመታት ያለ ውል የሠራ መሥራች ሲሰናበት የሚነሣው የአገልግሎት ክፍያ ክርክር ወዳጅነትን ሲያፈርስ ይታያልና አዲሱ ሰው ያለ ውል አንድ ቀንም ሥራ እንዲጀምር አይደረግ።

ከውስጥ ማሳደግ

ምክትሏን ወይም የፕሮግራም ኃላፊዋን ማሳደግ ለቤተሰቦቹ ከሁሉ የቀለለ መንገድ ነው። ሠራተኞቹ የሚያውቋት ሰው ትመራቸዋለች፤ እናቶቹ የሚያውቁት ፊት በቢሮው ይቀራል፤ የማስታወቂያ ወጪ የለም፤ የለጋሹ ፕሮጀክትም ሪፖርቱን በለመደች እጅ ይቀጥላል። ከላይ ባስቀመጥሁት መመዘኛ ሲታይም ሠራተኞችን በቦታቸው የማቆየት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ነገር ግን ይህ መንገድ ሁለት ከባድ ፈተናዎች አሉት። አንደኛው በቤት ለቤት አገልግሎቷ የተመሰገነች ሠራተኛ ለአመራር ስትታጭ ድርጅቱ ጎበዝ አገልጋዩን አጥቶ ያልተዘጋጀች ሥራ አስኪያጅ ሊያገኝ መቻሉ ነው። ይህን ለመለየት ቦርዱ ስለ ጸባይዋ ከመጠየቅ ይልቅ ሥራዋን ይመልከት። የለጋሽ ሪፖርት ራሷ ጽፋ ታውቃለች? በጀት አዘጋጅታ ተከላክላለች? ሠራተኛን በጽሑፍ አስጠንቅቃ ታውቃለች? ከሁሉ በላይ ደግሞ በቦርድ ስብሰባ ላይ አንድ ጊዜም ቢሆን ከመሥራቹ የተለየ ሐሳብ ማቅረቧ በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ ይገኛል? ለብዙ ዓመታት ምክትል ሆና አንድም ልዩነት ያልተመዘገበላት ሰው መልካም ሠራተኛ ልትሆን ትችላለች፤ ብቻዋን ለመወሰን መዘጋጀቷ ግን ገና አልታየም።

ሁለተኛው ፈተና በእምነት ድርጅቶች ዘንድ የተለየ ክብደት አለው። መሥራቹ ካህን ሲሆን ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ፣ ምናልባትም ምክትሏ ራሷ፣ የንስሐ ልጆቹ ናቸው። ሥልጣኑን ቢያስረክብም የንስሐ አባትነቱ አያበቃም፤ ሊያበቃም አይገባም። እንግዲህ አዲሷ ሥራ አስኪያጅ የቀድሞው ኃላፊ የቀጠረውን ሰው ማሰናበት ወይም እርሱ የጀመረውን ፕሮግራም መዝጋት ቢኖርባት የነፍስ አባቷን ቃል እየጣሰች መስሎ ሊሰማት ይችላል። ይህን ጉዳይ ማንም በስብሰባ ላይ ማንሣት ስለማይደፍር ውስጥ ለውስጥ ሆኖ ይቀራል፤ ውሳኔዎች ሳይወሰኑ ወራት ያልፋሉ፤ ሠራተኞችም ቢሮ ሳይመጡ ጉዳያቸውን ወደ አባ ቤት ይዘው ይሄዳሉ። መፍትሔው ርክክቡ ከመፈጸሙ በፊት ቦርዱ፣ ካህኑና ተተኪዋ በአንድነት ተቀምጠው የቢሮው ጉዳይ የቦርዱና የሥራ አስኪያጇ መሆኑን ካህኑ ራሳቸው ለሠራተኞች እንዲናገሩ ማድረግ ነው። ቃሉ ከእርሳቸው አንደበት ሲወጣ ከየትኛውም ደብዳቤ የበለጠ ይሰማል።

ተተኪው የመሥራቹ ልጅ፣ ባለቤት ወይም የቅርብ ዘመድ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው። ያለ ውድድር አይሾም፤ ውድድሩንም ዘመድ የሆነ የቦርድ አባል አይዳኘው።

ከውጭ መቅጠር

ይህ መንገድ የሚያስፈልገው ድርጅቱ ከራሱ አቅም በላይ ሲያድግ ወይም በኦዲት ሪፖርቱ ላይ መስተካከል ያለበት ነገር ሲኖር ነው። ለዓመታት አብረው የሠሩ ሰዎች የተመሰቃቀለ ሒሳብን ለማቅናት ፊት ይፈራራሉ፤ ከውጭ የመጣ ሰው ግን ንብረቱን ቆጥሮ፣ ሰነዱን አገላብጦ፣ የጎደለውን ጎደለ ሊል ይችላል። ለለጋሾችም ግልጽ ውድድር መደረጉ መተማመኛ ይሆናል።

በጎንደር ያለው ሁኔታ ግን ምርጫውን ያጠብበዋል። በማኅበራዊ ሥራና በሥነ ልቦና ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚመረቁ ወጣቶች ለመስክ ሥራ የሚመቹ ቢሆኑም ድርጅት ለመምራት ልምድ ይጎድላቸዋል፤ ልምድ ያላቸው ደግሞ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች የለመዱት ደመወዝ ትንሽ የእምነት ድርጅት ሊከፍለው ከሚችለው በላይ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ቤተሰቡን እዚያው ትቶ የሚመጣ ከሆነ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ወይ ቢሮው ያለ ኃላፊ ይቀራል፣ ወይ ኃላፊው ከቤተሰቡ ይለያል። እኔ በዚህ ረገድ ብዙ የምስክር ወረቀት ካለው የሩቅ አመልካች ይልቅ በከተማዋ ወይም በአቅራቢያዋ ኑሮውን የመሠረተውን አስቀድማለሁ።

የማጣራቱ ሥራ እንደ ልማድ በንስሐ አባት ወይም በአጥቢያ የድጋፍ ደብዳቤ መቆም የለበትም። ድርጅቱ ልጆች በሚውሉበት ግቢ ውስጥ የሚሠራ ነውና ከፖሊስ የሚሰጥ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ይጠየቅ፤ ከቀድሞ አሠሪው ጋር በስልክ ይነጋገሩ፤ የሕፃናት ጥበቃ ፖሊሲውን አንብቦ ይፈርም። ከጽሑፍ ፈተናና ከቃለ መጠይቁ ሌላ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዕጩዎች ከማኅበራዊ ሠራተኛዋ ጋር አንድ ቤተሰብ ዘንድ፣ ቤተሰቡን አስፈቅዶ፣ መላክ ይጠቅማል። ዕጩው ሲገባ ማንን ሰላም እንደሚል፣ ለልጆቹ ዝቅ ብሎ እንደሚናገር ወይም ከበላያቸው እንደሚያወራ፣ ሲመለሱም የሠራተኛዋን አስተያየት እንደሚጠይቅ ወይም እንደሚያስተምራት መታየት አለበት። አብራው የሄደችውም አስተያየቷን ለቦርዱ ለብቻዋ ትስጥ፤ ነገ በእርሱ ሥር መቆየት አለመቆየቷ የሚወሰነው በዚያ ነውና።

ተጠባባቂ መሾም

መሥራቹ በድንገት በሞት ከተለየ፣ በጽኑ ከታመመ ወይም ቦርዱ በአንድ ሐሳብ መስማማት ካቃተው ችኩል ምርጫ ከማድረግ ተጠባባቂ መሾም የተሻለ ነው። ለዚህ ቦታ የሚመቸው ቋሚ ሹመቱን የማይፈልግ ሰው ነው፤ በጎንደር ደግሞ ጡረታ የወጡ፣ ሰው የሚያከብራቸው መምህራን፣ የባንክና የጤና ባለሙያዎች አሉ። ተወዳዳሪ የሆነን ሰው ተጠባባቂ ማድረግ ግን ወይ ሌሎቹን ዕጩዎች ያስቀራል፣ ወይም ራሱ ካልተመረጠ በቅሬታ እንዲለቅ ያደርገዋል።

የዚህ መንገድ አደጋ ጊዜው ነው። ተጠባባቂነት በብዙ መሥሪያ ቤቶች ዓመታት ሲያስቆጥር አይተናል፤ በዚያ ጊዜ ለጋሾች አዲስ ውል ለመፈረም ያመነታሉ፤ ጥሩ ሠራተኞችም ነገን ስለማያውቁ ሌላ ሥራ ይፈልጋሉ። የሹመት ደብዳቤው ማብቂያ ቀን ይኑረው፤ ከስድስት ወር ባይበልጥ እመርጣለሁ። ሠራተኛ መቅጠርና ማሰናበት፣ አዲስ የፕሮጀክት ስምምነት መፈረም ይችል እንደሆነም በዚያው ደብዳቤ ይገለጽ።

መዋሐድ ወይም ፕሮግራምን ማስረከብ

ቦርዶች ይህን መንገድ እንደ ሽንፈት ስለሚቆጥሩት የሚያነሡት ገንዘብ ካለቀ በኋላ ነው። ለሠራተኞች የስድስት ወር ደመወዝ በእጅ ሳለ የሚደረግ ውሕደት ልጆቹን ሳያንገላታ ሊፈጸም ይችላል፤ የአንድ ወር ደመወዝ ብቻ ሲቀር የሚጀመር ድርድር ግን ስሙ ውሕደት ቢሆንም መዘጋት ነው። አዋጅ 1113/2011 ውሕደትን ይፈቅዳል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም በውሕደት ምክንያት የሠራተኞች የሥራ ውል እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። ይህን ለሠራተኞቹ ቀድሞ መንገር ፍርሃታቸውን ይቀንሳል።

የሚያስቸግረው የእምነት ማንነቱ ነው። በተለያዩ እምነቶች ወይም ቤተ እምነቶች ሥር ያሉ ሁለት ድርጅቶች መልካም ጉርብትና ቢኖራቸውም አንድ ድርጅት መሆን ይከብዳቸዋል፤ ጸሎትና ጾም፣ የበዓላት ቀናት፣ የልጆቹ የሥነ ምግባር ትምህርት ሁሉ ጥያቄ ይሆናሉ። እንዲህ ሲሆን ሥራውን መከፋፈል ይቻላል። የጥናት ክፍሉና የሰንበት መርሐ ግብሩ ብዙ ገንዘብ ስለማይጠይቁ በበጎ ፈቃደኞች እዚያው አጥቢያ ውስጥ ይቀጥላሉ፤ የቤተሰብ ምክክሩና የገንዘብ ድጋፉ ከእነ ሠራተኞቹ ወደ ሌላ ድርጅት ይዛወራሉ። የቤተሰቦች ፋይል ግን የየቤቱን ምሥጢር የያዘ ስለሆነ ቤተሰቦቹ ሳይጠየቁና ሳይስማሙ ከቢሮ ቢሮ አይተላለፍ።

የትኛው ለማን

ድርጅቱ ሒሳቡ የጠራ፣ ምክትሏም ከላይ የተዘረዘሩትን ሥራዎች የሠራች ከሆነ ከውስጥ ማሳደግን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ የሚጎድላት የገንዘብ አስተዳደር ዕውቀት ከሆነ እርሷን ትቶ ሌላ ከመፈለግ ጠንካራ የሒሳብ ባለሙያ መቅጠር ይረክሳል። ኦዲቱ የጠራ ካልሆነ ግን ምክትሏ የቱንም ያህል ብትወደድ ያልሠራችውን ዕዳ ማሸከም ስለሚሆን በመጀመሪያ ተጠባባቂ ተሹሞ ሒሳቡ ይጥራ፤ ከዚያ ውድድሩ ለውስጥም ለውጭም ይከፈት። በአንድ ለጋሽ ላይ ብቻ የቆመና ውሉ በዓመት ውስጥ የሚያበቃ ድርጅት ደግሞ ሰው ከመፈለጉ በፊት ስለ ውሕደት መነጋገር አለበት።

ተተኪው የግድ የዚያው እምነት ተከታይ ይሁን ወይ የሚለው ጥያቄ በየቦርዱ ይነሣል። ሥራ አስኪያጁ ድርጅቱ የተመሠረተበትን እምነት በልቡ የያዘ መሆኑ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የድርጅቱ ጉልበት የመነጨው ከዚያ ነውና። በዚያው ልክ ግን የሌላ እምነት ቤተሰቦችን ያለ አድልዎ የማገልገል ታሪኩ ይመርመር። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በከተማዋ ሃይማኖትን ተገን አድርጎ የሰው ሕይወት የቀጠፈው ግጭት ከደረሰ ወዲህ የአንድ ወጣቶች ድርጅት መሪ ከሌላው እምነት አባቶች ጋር ስልክ ተደዋውሎ የሚነጋገር ሰው መሆኑ ከትምህርት ደረጃው ባላነሰ ሊመዘን ይገባል።

የመሥራቹ ቦታ

መሥራቹን ሙሉ በሙሉ ማሰናበት፣ የቦርድ አባል ማድረግ ወይም አማካሪ አድርጎ ማቆየት ይቻላል። የቦርድ አባልነቱ ለተተኪው ከሁሉ ይከብዳል፤ ትናንት አለቃዋ የነበረው ሰው ዛሬ ሥራዋን የሚገመግም ይሆናልና። አማካሪነት ይጠቅማል፣ ነገር ግን ማብቂያ ቀን፣ የተወሰነ ሥራና ከቢሮው ውጭ የሆነ መቀመጫ ይኑረው። ለእርሱ የሚመጥነው ሥራ ለጋሾችን፣ የከተማውን መምሪያ ኃላፊዎችና የእድር ዳኞችን ከተተኪው ጋር ፊት ለፊት ማስተዋወቅ ነው። ጡረታውን፣ ሕክምናውንና የሚገባውን ክፍያ ቦርዱ አስቀድሞ ካልጨረሰለት ግን መሥራቹ ቢሮውን ለመልቀቅ ቢዘገይ ሊወቀስ አይገባም፤ ዕድሜውን ለሌሎች ልጆች የሰጠ ሰው በእርጅናው ባዶ እጁን እንዲወጣ ማድረግ በደል ነው።

ጊዜውን መምረጥ

ለርክክብ ባዶ የሆነ ወር የለም፤ የሚከፋ ወር ግን አለ። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ የሠርግ ወቅት ስለሆነ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጃገረዶች ጋብቻ የሚከላከሉ ሠራተኞች ዕረፍት የላቸውም። መስከረም የዩኒፎርምና የደብተር ወር ነው፤ በሰሊጥ አረምና አጨዳ ጊዜ ደግሞ ወጣቶች ወደ መተማና ሑመራ ስለሚሄዱ ክትትሉ ይበዛል። የተሻለው ርክክቡን ከፋሲካ በኋላ ጀምሮ ሰኔ 30 ላይ መፈጸም ነው። የሒሳብ ዓመቱ ሐምሌ 1 ለሚጀምር ድርጅት ይህ የቀድሞውን ኃላፊ ተጠያቂነት ከአዲሱ በግልጽ ይለያል፤ ዓመታዊ ሪፖርቱና ኦዲቱም በማን ዘመን የተሠራውን እንደሚመለከቱ አያከራክሩም። የለጋሹ የበጀት ዓመት ከጥር እስከ ታኅሣሥ የሚሄድ ከሆነ የስድስት ወር የሒሳብ መዝጊያ ተዘጋጅቶ ይላክለት።

ቤተሰቦቹ ወሬውን ከጎረቤት መስማት የለባቸውም። ቦርዱ በወሰነ በሳምንቱ ውስጥ ማኅበራዊ ሠራተኞቹ በየቤቱ ሄደው ማን እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚተካ፣ ወርኃዊ ድጋፉ መቼና ከማን እጅ እንደሚደርስ ይንገሩ። እናቶቹ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ አዲሱ ኃላፊ ማንነት አይደለም፤ «አንቺስ ትቀጥያለሽ ወይ?» ብለው ሠራተኛዋን ነው የሚጠይቋት። ስለዚህ የሠራተኞቹ የውል እድሳት ከዚህ ጉብኝት በፊት ተፈርሞ በእጃቸው ይግባ።